ሁሉም ሞተር አንድ አይደለም

ይድረስ፦ ለባሕር ዳር ከተማ የመንገድ ትራፊክ ደህንነት ኃላፊዎች፣ ለትራፊክ ፖሊሶቻችን፣ እንዲሁም በዚህች ከተማ መሪ ለሚጨብጥ ሁሉ

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ የባሕር ዳር ነዋሪ ነኝ። ባለ 600 ሲሲ ስፖርት ሞተር እነዳለሁ፤ ሲሲ የሞተሩ ሲሊንደሮች ይዘት መለኪያ ነው። ለበዓል ብቻ ከግቢ የምትወጣ ጌጥ አይደለችም። ከአባይ ማዶ ወደ ሥራ የምሄደው በእሷ ነው። ሽምብጥ ዘመድ የምጠይቀው፣ ገበያ የምወጣው፣ ማደያ የምሰለፈው በእሷ ነው። የምጽፈውም ስለ ውድድር አይደለም። ሁላችንም ጠዋትና ማታ ስለምንጋፋበት መንገድ ነው።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ትልቅ ሞተርን ከትንሹ ለይታችሁ እዩት። መንጃ ፈቃድ ስትሰጡ፣ ፍጥነት መቀነሻ ስታሠሩ፣ መንገድ ላይ ስታስቆሙን፣ መመሪያ ስታወጡ ለዩት። አሁን በከተማችን ሞተር ከተባለ ሁሉም አንድ ነው። ዕቃ የሚያደርሰው 125 ሲሲ ሞተርና ከ100 የፈረስ ጉልበት በላይ ያለው ማሽን በአንድ ዓይን ይታያሉ። ይህ ለእኛ አይበጅም። ለእግረኛው ደግሞ ከሁሉ በላይ አይበጅም።

ልዩነቱን ለማያውቀው ሰው ላስረዳ። የእኔ ያማሃ አር6 ናት። ሆንዳ ሲቢአር600፣ ካዋሳኪ ኒንጃ ዜድኤክስ-6አር፣ ሱዙኪ ጂኤስኤክስ-አር600 የሚባሉትም የእሷው እኩዮች ናቸው። አራት ሲሊንደር አላቸው። ነዳጅና ዘይታቸው ተሞልቶ 190 ኪሎ አካባቢ ይመዝናሉ። በአንደኛ ማርሽ ብቻ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ይነካሉ። ሌሎቹ አምስት ማርሾች ገና አልተነኩም ማለት ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ሳሳ ይላል፤ ሞተሩም ከኃይሉ የተወሰነውን ያጣል። ያም ሆኖ የሚተርፈው ለከተማ ከበቂ በላይ ነው።

ታዲያ ከተማ ውስጥ እንዴት ትነዳለች? እውነቱን ለመናገር፣ ትከብዳለች። መሪው ዝቅ ያለ ነው። የሰውነት ክብደት በሙሉ አንጓ ላይ ያርፋል። ፈጠን ሲባል ንፋሱ ደረትን ይደግፋል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲኬድ ግን ደጋፊ የለም፤ እጅ ይዝላል። ፍሪሲዮኑ ጠንካራ ስለሆነ ቁም ሂድ ሲበዛ ጣት ይደነዝዛል። ሞተሩ የተሠራው አየር እየተጋፈጠ እንዲቀዘቅዝ ነው። ገበያ መውጫ ላይ ሰልፉ ሲቆም፣ በተለይ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት፣ የራዲያተሩ ውኃ ወዲያው ወደ 100 ዲግሪ ይጠጋል። ቬንትሌተሩ ይነሳና ትኩሱን አየር ጭን ላይ ይለቀዋል። ማርሚታው ደግሞ ያቃጥላል። ልጆች ከበው ሊነኩ ሲሉ ቀድሜ እጃቸውን የምይዘው ለዚህ ነው። ወላጆች፣ እባካችሁ ንገሯቸው። ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን ማርሚታው ቶሎ አይበርድም።

ሌላም ነገር አለ። መሪው ብዙ አይታጠፍም። ባለበት ለመዞር 7 ሜትር ያህል ስፋት ይፈልጋል። ባጃጅ በጠባብ መንገድ ዞሮ ሲመለስ እኔ መውረድና መግፋት አለብኝ። ሆዷ ከመሬት ያላት ከፍታ 13 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። እነዚህን ቁጥሮች የጠቀስኳቸው ለጉራ አይደለም። ከዚህ በታች የምጠይቃችሁ ነገር ሁሉ ከእነሱ ስለሚመጣ ነው።

አደጋው ከየት እንደሚመጣ እንነጋገር። ስለ ትልቅ ሞተር ሲወራ ሰው ሁሉ የሚያስበው ፍጥነት ነው። ፍጥነት ይገድላል፤ አልከራከርም። ግን ከተማ ውስጥ አብዛኛው አደጋ የመንገድ መገናኛ ላይ ነው የሚጠብቀን። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ሃሪ ኸርት የሚባል ተመራማሪ ከደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ይዞ በሎስ አንጀለስ 900 የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ እየሄደ መርምሯል። ውጤቱ በ1981 ወጣ። ከአደጋዎቹ ሦስት አራተኛው ሞተር ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር የተጋጨበት ነበር። ከእነዚህም ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ላይ ቅድሚያ የከለከለው የሌላው ተሽከርካሪ ሹፌር ነው። ሞተረኞቹ ሲጋጩ የነበራቸው መካከለኛ ፍጥነት በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። እንግዲህ ይህ የባጃጅ ፍጥነት ነው። ሰው የሚሞተውና የሚሰበረው በዚህም ፍጥነት ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን ሌላውንም ልናገር። በዚያው ጥናት ብቻቸውን የወደቁት ሞተረኞች አብዛኞቹ የወደቁት በራሳቸው ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የአሜሪካ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የመንገድ ደህንነት ተቋም እንደ እኔዋ ያሉ ሱፐርስፖርት ሞተሮች ነጂዎች የሚሞቱበት መጠን ሌላ ዓይነት ሞተር ከሚነዱት አራት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳውቋል። ይህ ቁጥር እኔን ያስፈራኛል። እናንተንም ሊያሳስባችሁ ይገባል። ልዩነቱ የሞተር ዓይነት ከሆነ ደንቡም የሞተርን ዓይነት ማየት አለበት።

አሁን ለአሽከርካሪ ወንድሞቼና እህቶቼ። አንድ ቀን ከፓፒረስ ወደ ጊዮርጊስ ስወርድ ቀኝ ጠርዝ ይዞ የቆመ ባጃጅ ሰው አሳፈረና ፍሬቻ ሳያሳይ ዞረብኝ። ሁለቱንም ፍሬን ይዤ በክንድ ርቀት ቆምኩ። ሹፌሩ ደንግጦ ወረደ። «አይቼህ ነበር እኮ ወንድሜ፤ ሩቅ መስለኸኝ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ዋሽቶ አይደለም። የሰው ዓይን የሚመጣ ነገር ምን ያህል እንደቀረበ የሚገምተው ከስፋቱ ነው። ሲኖትራክ ሰፊ ስለሆነ ከሩቁም ቅርብ ይመስላል፤ ሰውም ይጠብቀዋል። ሞተር ከፊት ሲታይ አንዲት ቀጭን መስመር ናት። ከደረሰችበት ቦታ ይልቅ ራቅ ያለች፣ ካለችበት ፍጥነት ይልቅ ቀስ ያለች ትመስላለች። ብዙ ሹፌሮች ደግሞ በልባቸው የያዙት የትንሿን ሞተር ፍጥነት ነው። ያችን አስበው ሲዞሩ እኛ ደርሰናል።

ስለዚህ ከመዞራችሁ በፊት ሁለት ጊዜ እዩ። አንድ ጊዜ አይታችሁ፣ ስፖኪዮውን አይታችሁ፣ እንደገና ወደ መንገዱ እዩ። በሁለቱ እይታ መካከል ሞተሩ ምን ያህል እንዳደገ ዓይናችሁ ይነግራችኋል። የሚኒባስ ረዳቶች፣ በሩን ከመክፈታችሁ በፊት ከኋላ ተመልከቱ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ደንግጦ ፍሬን እስኪይዝ ድረስ ብቻ 14 ሜትር ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ነው መቆም የሚጀምረው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ፍሬን ተይዞ የሚኬደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። የእኔ ሞተር ጎማው እንዳይቆለፍ የሚጠብቀው ኤቢኤስ የላትም። አር6 ላይ ይህ የተገጠመው ከ2017 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ነው። አሮጌ ትልቅ ሞተር የሚነዳ ሰው በእርጥብ መንገድ ፍሬን የሚይዘው በጣቱ ስሜት ብቻ መሆኑን እወቁልን።

ወደ መንገዱ ልምጣ። ኃላፊዎች ሆይ፣ ዋናው ጉዳዬ እዚህ ነው።

ፍጥነት መቀነሻውን አልጠላም። ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ደጅ ላይ እንዲኖር እፈልጋለሁ። ችግሩ አሠራሩ ነው። አንዱ ዝርግ፣ ሌላው እንደ ግድግዳ የቆመ ነው። ቀለም የተቀባው ጥቂቱ ነው። ቀድሞ የሚያሳውቅ ምልክት ያለው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። መብራት በሌለበት ሰፈር ማታ ጉብታው የሚታወቀው ከደረሱበት በኋላ ነው። መኪና ሲደርስበት ይንገጫገጭና ያልፋል። ባለ ሁለት ጎማ ግን ፊቱ ተነስቶ መሪው ይመታል። በተለይ ሰፈር ውስጥ ነዋሪው በራሱ ሲሚንቶ የሚያቆማቸው ጉብታዎች አሉ። የልጆቹን ሕይወት ለማዳን ብሎ ነው፤ እረዳዋለሁ። ግን ያለ ምልክት የቆመ ጉብታ ብስክሌት የሚነዳውን የጎረቤቱን ልጅም ይጥላል። ባሕር ዳር ደግሞ ብስክሌት የለመደች፣ ሜዳ ከተማ ናት። አንድ ወጥ ልክ አውጡለት። ነጭና ቢጫ ቀለም አስቀቡት። ከእሱ በፊት ምልክት አቁሙ። ከምጠይቃችሁ ሁሉ ወጪው ትንሹ ይኸኛው ይመስለኛል።

ሁለተኛው አሸዋ ነው። የግንባታ አሸዋ የጫኑ መኪኖች አደባባይ ሲዞሩ ጭነታቸው ይፈሳል። ሸራ የሚያለብሰው ጥቂት ነው። አደባባይ ማለት ሞተር ጋደል ብሎ የሚያልፍበት ቦታ ነው። እዚያ ላይ አንድ እፍኝ አሸዋ ወይም ጥቂት ናፍጣ ከጠበቀን መሬት ላይ ነን። ትንሹ ሞተር ሲንሸራተት ነጂው እግሩን አስደግፎ ሊያተርፈው ይችላል። 190 ኪሎ ማሽን በእግር አይደገፍም፤ እግር ይሰብራል። ሸራ የማያለብስ ጫኝ ይቀጣ። ጠዋት ጠዋት መንገድ የሚጠርጉ እናቶቻችንና እህቶቻችን ለዚህች ከተማ የሚሠሩትን እናውቃለን። የአደባባዩን ውስጠኛ ጠርዝ ቢያስቀድሙልን ምስጋናችን የበዛ ነው።

ሦስተኛው ክረምት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘንበውን ታውቁታላችሁ። ዝናብ ሲጀምር ያሉት የመጀመሪያ ደቂቃዎች ከሁሉ የከፉ ናቸው። የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ገና አልታጠበም። የስፖርት ጎማ ደግሞ እስኪሞቅ ድረስ በደንብ አይዝም፤ በዝናብ ጊዜ ከተማ ውስጥ ጨርሶ አይሞቅም። የዜብራው ቀለም ያዳልጣል። የፍሳሽ ጉድጓድ ብረት ክዳን ያዳልጣል። ኮብልስቶኑ ያዳልጣል። ውኃ ያቆረ ጉድጓድ ጥልቀቱ አይታወቅም። ለዜብራ ሸካራ ቀለም አለ። በሌላ አገር አሸዋና የመስታወት ፍርፋሪ እየተቀላቀለበት ይቀባል። በሚቀጥለው ቅብ ይህን አስቡልን። እግረኛውም በዝናብ አይንሸራተትበትም።

ስለ አዲሱ የአባይ ድልድይ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው። የእግረኛና የብስክሌት መንገድም አለው። እኔ በየቀኑ የማልፍበት ነው፤ እኮራበታለሁ። ሰፊና ቀጥ ያለ ስለሆነ ግን ማታ ማታ ትልቅ ሞተር ያላቸው ልጆች ነዳጅ ይሰጡበታል። ሰው ፎቶ እየተነሳ በሚንሸራሸርበት ቦታ! በሰዓት 120 የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ 33 ሜትር ይሄዳል። ድልድዩን በሙሉ የሚጨርሰው በ12 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ነው። ለመሻገር መንገዱ ውስጥ የገባ ሰው ለማምለጥ ጊዜ የለውም። እዚያ ላይ ቁጥጥር አድርጉ። እኛ ሞተረኞች አንቀየማችሁም። የሚቀየም ካለ ቅጣቱ ይገባዋል።

አሁን ስለ መንጃ ፈቃድ። እኔ የተፈተንኩት በትንሽ ሞተር ነው። በኮኖች መካከል ተጠማዝዤ፣ ስምንት ቁጥር ሠርቼ፣ አለፍኩ። በዚያው ፈቃድ ዛሬ ሱፐርስፖርት እነዳለሁ። ማንም «ይህን ለመንዳት ምን ታውቃለህ?» ብሎ አልጠየቀኝም። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከጥር 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠሩበት ደንብ በደረጃ ነው። በ16 ዓመት እስከ 125 ሲሲና 11 ኪሎ ዋት ይነዳል። በ18 ዓመት እስከ 35 ኪሎ ዋት ማለትም እስከ 47 የፈረስ ጉልበት ይፈቀዳል። ያለ ገደብ ትልቁን ለመንዳት በመካከለኛው ሁለት ዓመት ቆይቶ ቢያንስ 20 ዓመት መሙላት፣ ወይም በቀጥታ ከሆነ 24 ዓመት መድረስ ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ፈተና ወይም ሥልጠና አለው። አገሮቹ ይህን ያደረጉት ወጣቱን ስለጠሉት አይደለም። ትንሹን ሞተር የለመደ እጅ በትልቁ ላይ ነዳጅ ሲሰጥ ምን እንደሚሆን ስላወቁ ነው።

የመንጃ ፈቃድ ሕግ የፌደራል ጉዳይ መሆኑን አውቃለሁ። አዋጅ ለውጡ አልልም። ከተማችንና ክልላችን ማድረግ የሚችሉት ግን አለ። ከ250 ሲሲ በላይ ሞተር የሚያስመዘግብ ሰው የአንድ ሁለት ቀን ተጨማሪ ሥልጠና እንዲወስድ አድርጉ። ድንገተኛ ፍሬን፣ ቀስ ብሎ መዞር፣ በእርጥብ መንገድ መቆም ይማር። አሠልጣኝ ከጠፋ እኛ አለን። ለበላይ አካልም ሐሳቡን እናንተ አቅርቡልን።

ቀጥሎ ለትራፊክ ፖሊሶቻችን። በፀሐይና በዝናብ ቆማችሁ የምትሠሩትን አከብራለሁ። በቅርቡ አንዱ ባልደረባችሁ እጁን ዘርግቶ አስቆመኝ። ወረቀቴ ሙሉ ነበር፤ ታርጋዬ ይታያል፤ ሄልሜት አድርጌያለሁ። በትሕትና ሸኘኝ። ችግሩ ያስቆመኝ ቦታ ነበር። ከአስፋልቱ ወጥቼ ልቅ ጠጠር ላይ፣ ያውም ቁልቁል ላይ እንድቆም አመለከተኝ። ትንሽ ሞተር እዚያ በቀላሉ ይቆማል። የእኔ ማቆሚያ እግሯ ጠጠሩ ውስጥ እየሰመጠ ልትወድቅብን ነበር። ሁለታችንም ተረባርበን ያዝናት። ስታስቆሙን ቀደም ብላችሁ ምልክት ስጡን። ደልዳላ መሬት አመልክቱን። «ተመለስ» ስትሉን ሰፋ ያለ ቦታ ድረስ እንድንሄድ ፍቀዱልን። በጠባብ መንገድ አዙሩ ስትሉን መንገዱን የምንዘጋው እኛው ነን።

ስለ ድምፅ ቅሬታ እንደሚደርሳችሁ አውቃለሁ። ሕዝቡም ያማርራል። እውነቱ ከሕዝቡ ጋር ነው። ማርሚታ ፈልቅቆ አውጥቶ ሌሊት በሐይቁ ዳር የሚያስጮህ ሰው የታመመ ይረብሻል፤ ሕፃን ይቀሰቅሳል፤ የጸሎት ሰዓት ያውካል። አንዳንድ ጓደኞቼ «ድምፁ ሕይወቴን ያድነኛል፤ ሹፌሩ ይሰማኛል» ይላሉ። አልስማማም። የማርሚታው አፍ የሚያየው ወደ ኋላ ነው። ከፊት የሚዞርብን ሹፌር መስኮቱን ዘግቶ ሙዚቃ ከፍቶ ሊሆን ይችላል። ድምፁን የሚሰማው ካለፍነው በኋላ ነው። የፋብሪካውን ማርሚታ ያወጣ ይቀጣ። ታርጋውን ከጎማ ሥር አጥፎ የደበቀ ይቀጣ። ቅጣቱ ግን አጥፊው ላይ ይሁን። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በሞተር ከሚፈጸም ወንጀል ጋር አያይዛ ሞተር ስታግድ፣ ከሌባው ጋር እንጀራውን በሞተር የሚበላውም ቆመ። እዚህ ያ እንዲደገም አልፈልግም። እንዳይደገም ደግሞ እኛ ራሳችን ደንብ ማክበር አለብን።

እንግዲህ ለእኛው ለሞተረኞች።

ሰፈር ውስጥ ስናልፍ ልጆች «ነዳጅ ስጣት!» ብለው ይጮሃሉ። «ስንት ትሄዳለች?» የማይል የለም። ያን ጩኸት መስማት የሚጥም ነገር ነው። ግን እያንዳንዱ ጩኸት ውስጥ አንድ እናት በረንዳ ላይ ቆማ ልጇን እየጠራች ነው። ቀስ ብላችሁ እለፉ። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት የሰርግ ወራት ደግሞ ሙሽራ ማጀብ አለ። ፊት ጎማ አንስቶ በመኪኖች መካከል መሄድ፣ ለካሜራ ተብሎ ያለ ሄልሜት መንዳት ተለምዷል። ሙሽሮችና ሚዜዎች፣ ይህን አትጠይቁን። ከጠየቃችሁንም እምቢ ልንላችሁ ይገባል። ጥር 11 ታቦቱን አጅቦ ሕዝቡ መንገዱን ሲሞላ ትልቅ ሞተር ግቢ ቢውል የተሻለ ነው። እንዲህ ባለ ሰልፍ ውስጥ በእግር ፍጥነት መንዳት ሞተሩንም ያፈላዋል፤ ሰውም ያቃጥላል።

ሰው ስታፈናጥጡ አስቡበት። የስፖርት ሞተር የኋላ መቀመጫ ጠባብና ከፍ ያለ ነው። የተፈናጠጠው ሰው በጎን መቀመጥ የለበትም። ነጠላና ረጅም ሻሽ ደግሞ ካቴናው ወይም የኋላው ጎማ ውስጥ ከገባ አንገት ይዞ ይጎትታል። እናቴን ቤተ ክርስቲያን ላድርስሽ ብዬ አላውቅም፤ ባጃጅ ነው የምጠራላት። ቅር ይላታል፤ ይበላት። ለሚፈናጠጠው ሁለተኛ ሄልሜት የሌለው ሰው አያፈናጥጥ። ብዙ ጥናቶችን በአንድ ላይ የመረመረው የኮክሬን ግምገማ ሄልሜት በአደጋ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አግኝቷል። ይህ የሚሆነው ግን የአገጩ ማሰሪያ ሲታሰር ነው። ክንድ ላይ የተንጠለጠለ ሄልሜት የሚያድነው ክርንን ብቻ ነው። ማታ ሐይቁ ዳር ትንኝ ሲበዛ ደግሞ መከለያ መስታወቱን ዝጉ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲኬድ ዓይን የገባ ትንኝ ሙሉ መንገድ ያስታል።

ለአባቶችም አንድ ቃል አለኝ። ውጭ ያለ ዘመድ ገንዘብ ሲልክ፣ ወይም ልጅ ሲመረቅ፣ «ትልቁን ግዙልኝ» የሚል ወጣት ብዙ ነው። የ19 ዓመት ልጅ ትንሹን ሳይነዳ 600 ሲሲ አይገዛለት። መጀመሪያ 150 ወይም 200 ሲሲ ይንዳ። ክረምትን በእሷ ይለፍ። ከሐሙሲት እስከ ወረታ፣ ከመሸንቲ እስከ መራዊ ያለውን መንገድ በቀን ይልመደው። ከብትና ጋሪ በድንገት ሲገባ ምን እንደሚደረግ ይወቅ። ትልቁ ማሽን ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ጎማ፣ ካቴና፣ የፍሬን ሸራ ሁሉ ውድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ነው የሚታዘዘው። ለመግዣው እንጂ ለመያዣው ያላሰበ ሰው በላጨ ጎማ ነው የሚነዳው። በላጨ ጎማ በሐምሌ መንገድ መውጣትን ለማንም አልመኝም።

ኃላፊዎች ሆይ፣ በመጨረሻ የምጠይቃችሁ የሚጀመር ሥራ ነው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስጡን። ትልቅ ሞተር የምንነዳ፣ የባጃጅ ማኅበራት ተወካዮች፣ ትራፊክ ፖሊሶች፣ መንገድ የሚሠሩ መሐንዲሶች አንድ ሜዳ ላይ እንገናኝ። ቦታውን እናንተ ምረጡ። እኔ ሞተሬን ይዤ እመጣለሁ። ትራፊኮቻችን ሞተሩ ጠፍቶ ይቀመጡባት፤ ክብደቷን ይያዙ፤ በጠባብ ቦታ ሊያዞሯት ይሞክሩ። የባጃጅ ሹፌሮች ከፊት ቆመው ስትመጣ ይመልከቱና መቼ መዞር እንደሚቻል ይገምቱ፤ ርቀቱን በሜትር ለክተን እናሳያቸዋለን። መሐንዲሶቹ ደግሞ የጉብታውን ልክ በዚያው ይውሰዱ። የቀለምና የምልክት ቦታዎችን ዝርዝር አዘጋጅተን እናመጣለን፤ ከአባይ ማዶ እስከ ፔዳ ያለውን መንገድ ጀምረነዋል። መልሳችሁን በማስታወቂያ ሰሌዳችሁም ሆነ በስልክ እጠብቃለሁ። ስልኬንና አድራሻዬን በጽሕፈት ቤታችሁ ከሚገባው ቅጂ ጋር አያይዣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከአባይ ማዶ፣ አንድ ሞተረኛ